የታችኛው ቅጠል ረገፈ ማለት ተክሉ ሞተ ማለት አይደለም

ጥያቄዎን እንደተረዳሁት ሁኔታው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው ቤትዎ 60 ሊትር የሚይዝ የዓሣ ገንዳ አለዎት፤ በውስጡ ጉፒ የሚባሉ ጥቂት ትንንሽ ዓሦች፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የወንዝ ጠጠር፣ ከክዳኑ ሥር ደግሞ አንድ ባለ 10 ዋት የኤል ኢ ዲ አምፖል አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሃይግሮፊላ ፖሊስፐርማ የተባለውን ተክል ስምንት ግንድ በላስቲክ ታስሮ ገዝተው፣ ላስቲኩን ሳይፈቱ ጠጠሩ ውስጥ ተከሉት። አሁን የታችኞቹ ቅጠሎች ብርሃን እስኪያሳልፉ ድረስ ሳስተውና ቡናማ ሆነው እየረገፉ ነው፤ ጫፉ ግን አረንጓዴ ሆኖ ቆይቷል፤ ከግንዱ መሃል ነጭ ክሮች ወጥተዋል። ተክሉ እንዲበረታ ብለው መብራቱን በቀን ለ14 ሰዓት ያበራሉ። የጠየቁት ተክሉ ለምን እንደሚረግፍ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ መጨመር ያስፈልግ እንደሆነ፣ ከእርሻ ግብዓት መደብር የሚገኝ ማዳበሪያ ይሆን እንደሆነ፣ በመጨረሻም ተክሉ ሲበዛ ትርፉን ከግቢዎ ጀርባ ባለው ወንዝ ዳር መትከል ይቻል እንደሆነ ነው።

ከዋናው ነገር ልጀምር። ተክልዎ እየሞተ አይደለም። ግንዱ ላይ የሚቆም ማንኛውም የውሃ ውስጥ ተክል ጤናው የሚታወቀው በጫፉ ነው፤ ታች ያለው ቅጠል የሚናገረው ተክሉ ትናንት የነበረበትን ሁኔታ ሲሆን ጫፉ ግን ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ይናገራል። ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት ገንዳውን ሲያዩ ከሥር የተከማቸውን የበሰበሰ ቅጠል ትተው፣ ከላይ ያሉትን ሁለትና ሦስት ጥንድ ቅጠሎች ይመልከቱ። ትንሽም ቢሆኑ ቀጥ ብለው፣ ሳይጨማደዱና ሳይጠቁሩ እየተዘረጉ ከሆነ ተክሉ አዲሱን ቤቱን ለምዶታል ማለት ነው። እርስዎ በላኩት መግለጫ መሠረት ይህ ምልክት አለ፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚነሣውም ከዚህ ነው።

የመርገፉ የመጀመሪያ ምክንያት የአየር ላይ ቅጠልና የውሃ ውስጥ ቅጠል የተለያዩ መሆናቸው ነው። ሃይግሮፊላ ፖሊስፐርማ ከህንድ እስከ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ባሉ ረግረጋማ ቦታዎችና የወንዝ ዳሮች የሚበቅል ተክል ነው፤ ውሃው ሲሞላ ተውጦ፣ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ከአየር ጋር ተገናኝቶ መኖር ይችላል። ለሽያጭ የሚያመርቱት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድጉት እርጥበት ባለው ግሪን ሃውስ ውስጥ ከውሃው በላይ አድርገው ነው፤ ምክንያቱም በዚያ መንገድ ቶሎ ያድጋል፣ አልጌም (በውሃ ውስጥ ቅጠልንና መስታወትን የሚሸፍነው አረንጓዴ ነገር) አይይዘውም። በአየር ላይ የበቀለው ቅጠል ውሃ እንዳያጣ የሚከላከል ሰም መሰል ሽፋንና አየር የሚያስገባባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ይህ ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲገባ ሽፋኑ ምግብና ጋዝ እንዳይገባ ስለሚያግድበት ብዙም አይጠቅምም። ተክሉም በውስጡ ያለውን ናይትሮጅንና ሌላ ጠቃሚ ነገር መጥጦ ወደ ጫፉ ይወስድና በዚያ ስስና ለስላሳ፣ ለውሃ የሚስማማ አዲስ ቅጠል ይሠራበታል። እርስዎ ያዩት መሳሳት ይህ ንብረት ሲወሰድ ነው። ለውጡ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል።

ነጩ ክር በሽታም ትልም አይደለም፤ ሥር ነው። ይህ ተክል በእያንዳንዱ አንጓ ላይ፣ ማለትም ሁለት ቅጠሎች ፊት ለፊት ተያይተው በሚወጡበት ቦታ ላይ፣ ሥር ማብቀል ይችላል፤ ከውሃውም በቀጥታ ይመገብበታል። ዓይን ካስጠላዎት በመቀስ ቢቆርጡት ተክሉ አይጎዳም፤ እኔ ግን እንዲተዉት እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ያ አንጓ ነገ ተቆርጦ ሲተከል ፈጥኖ የሚይዘው ቀድሞ ሥር ስላበቀለ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አተካከሉ ነው፤ እዚህ ላይ በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ተክሉን የሚያጣው በዚህ ደረጃ ነውና። ስምንት ግንድ በአንድ ላስቲክ ታስሮ ሲተከል፣ የመሃለኞቹ ግንዶች ብርሃንም የውሃ እንቅስቃሴም አያገኙም፤ ላስቲኩ የነካው ቦታ ደግሞ ይታነቅና ይበሰብሳል፤ ብስባሹ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በመጨረሻ ግንዱ ከጠጠሩ በላይ ይቆረጥና ጫፉ ብቻውን ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ አሁኑኑ ያውጡትና እንደገና ይትከሉት። እጅዎን ያለ ሳሙና በንጹህ ውሃ ታጥበው፣ እስሩን ቀስ ብለው ከጠጠሩ ያላቁ፤ ላስቲኩን፣ ካለም በሥሩ የተጠቀለለውን ስፖንጅ ወይም የእርሳስ ጥብጣብ ያስወግዱ፤ ግንዶቹን ሰፋ ባለ ሳህን ላይ ከገንዳው ውሃ ጨምረው አንድ በአንድ ይዘርጓቸው። እያንዳንዱን ግንድ በጣትዎ መሃል አድርገው ከላይ ወደ ታች ሲዳብሱት ጠንካራው ክፍል የት ላይ አልቆ ልፍስፍሱ የት እንደሚጀምር ይታወቅዎታል። ከልፍስፍሱ በላይ፣ ጤነኛ ከሆነው አንጓ ጥቂት ዝቅ ብለው በስለታም መቀስ ይቁረጡ፤ ዱልዱም መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋልና አይጠቀሙበት።

ከላይ የቀረው ቁራጭ አሥር ሴንቲ ሜትር ቢሆን በቂ ነው፤ ሰባትም ቢሆን ይይዛል። የታችኞቹን ሁለት አንጓዎች ቅጠል ቆርጠው ያስወግዱ፤ ሁለቱም አንጓዎች ጠጠሩ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ሥር የሚወጣው ከእነሱ ነው። ስኳር ድንችን ከሐረጉ ቆርጦ የተከለ ሰው ሥራውን ያውቀዋል፤ እዚህም ሕጉ ያው ነው። በረጅም ወረንጦ የግንዱን የታችኛውን ጫፍ ይያዙና ዘንበል አድርገው ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ጠጠሩ ውስጥ ያስገቡት፤ ወረንጦውን ሲያወጡ ሰፋ አድርገው ለቀቅ ካደረጉ በኋላ በሌላ አቅጣጫ ይሳቡት፤ እንዲህ ካልሆነ ተክሉን ይዞ ይወጣል። በአንዱ ግንድና በሌላው መካከል ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ገንዳው ባዶ መስሎ ከታየዎት አይጨነቁ፤ ይህ ተክል ክፍተቱን ይሞላዋል። ዓሦቹ እየነቀሉ ካስቸገሩዎት በግንዱ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ድንጋዮች ለጥቂት ቀናት ማስቀመጥ ይበቃል።

ስለ ወንዝ ጠጠሩ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠጠር ለዚህ ተክል ይስማማል፤ ውፍረቱም ይበቃል። ነገር ግን ኖራ ያለበት ድንጋይ ተቀላቅሎበት እንዳይሆን ጥቂት ፍሬ አውጥተው ካደረቁ በኋላ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለው ማለት ነው፤ በጊዜ ብዛት የውሃውን ጥንካሬ (በውስጡ የሟሟውን የኖራ መሰል ማዕድን መጠን) እና ፒኤች (የአሲድነቱን ወይም የአልካሊነቱን መለኪያ) ከፍ ያደርጋል። ሃይግሮፊላ ይህንንም ቢሆን ይችለዋል፤ ጉፒዎችም ጠንካራ ውሃ ይወዳሉ፤ ስለዚህ በእርስዎ ገንዳ ጠጠሩን ለመቀየር አያስገድድም። ወደፊት ለስላሳ ውሃ የሚፈልግ ተክል ወይም ዓሣ ካሰቡ ግን አሁን ማወቁ ይጠቅምዎታል።

ወደ መብራቱ ልለፍ። አሥራ አራት ሰዓት ይበዛል። ተክል ብርሃን ሲበዛለት የበለጠ የሚበላው ምግብና ካርቦን በዚያው ልክ ካገኘ ብቻ ነው፤ ካላገኘ ትርፉን ብርሃን የሚጠቀምበት አልጌ ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ይበቃል፤ ተክሉን እንደገና በተከሉባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ደግሞ ስድስት ሰዓት ብቻ ያብሩ፤ አዲስ ቅጠል በደንብ ሲይዝ ወደ ስምንት ያሳድጉት። መብራቱ የሚበራበትን ሰዓት በማስረዘም የብርሃኑን ድክመት ማካካስ አይቻልም፤ ደካማ ብርሃን ለረጅም ሰዓት ሲበራ ከሥር ያለው ቅጠል ያው እንደተራበ ነው። አምፖልዎ 10 ዋት ከሆነ የሚሰጠው ብርሃን ከ800 እስከ 1,000 ሉመን (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ በ60 ሊትር ውሃ ላይ ሲከፋፈል በሊትር ወደ 15 ሉመን ይሆናል፤ ይህ ለሃይግሮፊላ ዝቅተኛው ልክ ነው። ተክሉ ይኖርበታል፤ ነገር ግን በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት እየረዘመ፣ ከታች እየተራቆተ ወደ ብርሃኑ ይሸሻል። ሁለተኛ ተመሳሳይ አምፖል ቢጨምሩና ሁለቱን በገንዳው ርዝመት ግራና ቀኝ ቢያከፋፍሏቸው ውጤቱ ወዲያው ይታይዎታል። ሲገዙ ነጭ የቀን ብርሃን የሚባለውን፣ ማሸጊያው ላይ 6,500 ኬልቪን የሚል የተጻፈበትን ይምረጡ።

ሰዓቱን ለመቆጣጠር ታይመር መጠቀም ጥሩ ነው፤ ሆኖም መብራት በሚጠፋበት ከተማ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። በጥርሳም ጎማ የሚዞረው ርካሹ ታይመር ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ እሱም ይቆማል፤ ሦስት ሰዓት ከጠፋ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የገንዳው መብራት በእኩለ ሌሊት ሲበራ ያገኙታል። በየሳምንቱ ውሃ ሲቀይሩ ታይመሩንም ያስተካክሉ፤ ወይም የራሱ ባትሪ ያለውን ዲጂታል ዓይነት ይግዙ። መብራት ለአንድ ቀን ሙሉ ቢጠፋ ለተክሉ ምንም አይደለም፤ ሊያሳስብዎት የሚገባው ዓሣው ነው፤ ተክሉ በጨለማ ኦክስጅን ስለማያመርትና ራሱም ስለሚተነፍስ፣ ፓምፑም ስለሚቆም። ገንዳውን በመስኮት አጠገብ አስቀምጦ ፀሐይን መጠቀም ርካሽ መፍትሔ ይመስላል፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ውሃውን አረንጓዴ ሲያደርገው ስላየሁ አልመክርም።

ሙቀትን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች፣ ማሞቂያ የሌለው ገንዳ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሊወርድ ይችላል። ሃይግሮፊላ ከ18 እስከ 30 ዲግሪ ይኖራል፤ በደንብ የሚያድገው ግን ከ22 እስከ 28 ባለው ነው። ጉፒዎችዎም ከ22 በላይ ስለሚፈልጉ፣ 50 ዋት የሚሆን የውሃ ማሞቂያ ለሁለቱም ይጠቅማል። ማሞቂያ ካላስገቡ ተክሉ አይሞትብዎትም፤ ዕድገቱ ግን በግማሽና ከዚያም በላይ ይዘገያልና ያኔ «አስቸጋሪ ነው» ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

ውሃው ብዙ አያስጨንቅም። የከተማዋ ውሃ ከፊሉ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከፊሉ ደግሞ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣ ነው፤ የጉድጓዱ ውሃ ከግድቡ ይልቅ ማዕድን ይበዛዋል። ይህ ተክል ሁለቱንም ይቀበላል፤ ቀላል ከሚያስብሉት ነገሮች አንዱም ይህ ነው። ክሎሪኑን ለማስወገድ መድኃኒት ከሌለዎት ውሃውን ለ24 ሰዓት ያሳድሩት፤ ነገር ግን በጀሪካን ሳይሆን በሳፋ ወይም አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ይሁን። ክሎሪን የሚወጣው ከውሃው ገጽ ስለሆነ አፈ ጠባቡ ጀሪካን ይዞት ያድራል። በሮቶ ውስጥ ቀናት የቆየ ውሃ ብዙውን ጊዜ ክሎሪኑ የቀነሰ ነው። በየሳምንቱ ከገንዳው ሩቡን ያህል ይቀይሩ፤ የምታስገቡት ውሃ ግን ከገንዳው ከሁለት ዲግሪ በላይ እንዳይቀዘቅዝ ጥቂት የፈላ ውሃ ቀላቅለው ያስተካክሉት።

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያስፈልግዎትም። ለምን እንደሆነ ግን ማወቅ ተገቢ ነው። ማንኛውም ተክል አካሉን የሚገነባው በካርቦን ነው፤ ጋዝ ደግሞ በውሃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት በ10,000 ጊዜ ገደማ ባነሰ ነው። ከአየር ጋር ሚዛን ላይ በደረሰ ውሃ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች ነው፤ ጋዝ በሲሊንደር በሚጨመርባቸው ገንዳዎች ግን ከ20 እስከ 30 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ይህን የሰማ ሰው ሲሊንደሩን ቢመኝ አይፈረድበትም። ሆኖም ሃይግሮፊላ ከዓሣው፣ ከፊልተሩና በጠጠሩ ውስጥ ካለው ብስባሽ በሚወጣው ጋዝ ብቻ በሳምንት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማደግ ይችላል፤ ለጀማሪ ደግሞ ይህ ፍጥነት ይሻለዋል፤ ለመግረዝም ለማስተዋልም ጊዜ ይሰጣል።

በከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ በባሕር ጠለል 9 ሚሊ ግራም ገደማ የሚይዝ አንድ ሊትር ውሃ እዚህ 7 ሚሊ ግራም አካባቢ ብቻ ይይዛል። ዓሣው የሚተነፍስበት ትርፍ ጠባብ ነው ማለት ነው። በስኳርና በእርሾ በተሞላ ጠርሙስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማምረት በጣም የተለመደ ዘዴ ቢሆንም፣ መጠኑን መቆጣጠር አይቻልም፤ ሌሊትም አይቆምም፤ በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ጠዋት ሲነሡ ዓሦቹ ከላይ አፋቸውን ከፍተው የሚያገኙበት ዕድል ሰፊ ነው። «ፈሳሽ ካርቦን» እየተባለ የሚሸጠውም ቢሆን አብዛኛው ግሉተራልዲሃይድ የተባለ የጀርም ማጥፊያ ኬሚካል ነውና ለዚህ ተክል ብለው አይግዙት።

ማዳበሪያውን በተመለከተ መልሴ ጥብቅ ነው፤ ዳፕ፣ ዩሪያም ሆነ ኤን ፒ ኤስ ዓሣ ባለበት ገንዳ ውስጥ በፍጹም አይጨምሩ። ዩሪያ በውሃ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ ዳፕም ኤን ፒ ኤስም አሞኒየም ይዘዋል። አሞኒያ ለዓሣ በጣም አነስተኛ በሆነ መጠንም መርዝ ነው፤ ፒኤች ከ7 በላይ በሆነ ውሃ ደግሞ መርዝነቱ ይጨምራል። ለማሳ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ማዳበሪያ ለገንዳ አልተሠራም። ለእርስዎ የሚሆነው ፖታሲየም ናይትሬት ነው፤ በግሪን ሃውስ አበባና አትክልት የሚያመርቱ ሰዎች በውሃ አሟሟተው የሚጠቀሙበት ነጭ ጨው መሰል ማዳበሪያ ነው። ሲገዙ ስሙ ብቻውን መጻፉን፣ ከአሞኒየም ጋር ያልተቀላቀለ መሆኑን ያረጋግጡ።

ፖታሲየም ናይትሬት የተመረጠበት ምክንያት አለው። የዓሣ ምግብና የዓሣ ኩስ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ለገንዳው ይሰጣሉ፤ ፖታሲየም ግን ተክሉ ከሚፈልገው አንጻር ጥቂት ነው፤ ሃይግሮፊላ ደግሞ ፖታሲየም ሲያንሰው ቶሎ ከሚታወቅባቸው ተክሎች አንዱ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ግራም ፖታሲየም ናይትሬት በ60 ሊትር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ናይትሬቱን በሊትር በ10 ሚሊ ግራም፣ ፖታሲየሙን በ6 ሚሊ ግራም ገደማ ከፍ ያደርጋል። ጥቂት ግራም በቤት ውስጥ መመዘን ስለሚያስቸግር፣ 10 ግራም አስመዝነው በግማሽ ሊትር ንጹህ ውሃ ያሟሙት፤ ከዚህ ድብልቅ 50 ሚሊ ሊትር አንድ ግራም ይይዛል። ለስምንት ግንድና ለጥቂት ጉፒ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ውሃ ከቀየሩ በኋላ 25 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ጠርሙሱ ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፈው፣ ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ፣ ከሚቀጣጠል ነገርም አርቀው ያስቀምጡ። ብረትና ሌሎች ጥቃቅን ማዕድናት ያሉበት የአኳሪየም ማዳበሪያ ከተገኘ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ግማሽ ያህል ይጀምሩ።

ምን እንደጎደለው ከቅጠሉ ማንበብ ይቻላል፤ ንባቡም ቀደም ብዬ ስለ ጫፉ ከተናገርኩት ጋር የተያያዘ ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ተክሉ ከአሮጌ ቅጠል አንሥቶ ወደ አዲስ ቅጠል ሊያዛውራቸው የሚችሉ ናቸው፤ ስለዚህ ሲጎድሉ የሚጎዳው አሮጌው ነው። ብረት፣ ካልሲየምና ማንጋኒዝ ግን አንዴ ከተቀመጡበት አይነሡም፤ ስለዚህ ሲጎድሉ የሚጎዳው ጫፉ ነው። በአሮጌ ቅጠሎች ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ታይተው ዙሪያቸው ቢጫ ወይም ጥቁር ከሆነ ፖታሲየም አንሶታል፤ አሮጌው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ ከረገፈ ናይትሮጅን፤ አዲሱ ቅጠል ነጣ ብሎ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ብረት ነው። ቀዳዳ የተበሳው ቅጠል ግን ተመልሶ አይደፈንም። ማዳበሪያ ከጀመሩ በኋላ የሚጠብቁት አሮጌው እንዲድን ሳይሆን ቀጥሎ የሚወጣው ንጹህ እንዲሆን ነው፤ ለዚህም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይስጡት፤ በየሦስት ቀኑ አንድ ነገር እየቀየሩ የትኛው እንደረዳ ማወቅ አይቻልም።

ግንዱ ወደ ውሃው ገጽ ሲጠጋ መግረዝ ይጀምራሉ። ብዙ ሰው አምሮ ያደገውን ተክል መቁረጥ ይሳሳል፤ ነገር ግን ሳይቆረጥ ከቆየ ከላይ ተኝቶ ለታችኛው ብርሃን ይከለክለዋል፤ ያኔ የታችኛው ቅጠል እንደገና ይረግፋል፤ በዚህ ጊዜ ግን ጥፋቱ የጥላ ነው። ከላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ከጎኑ ይትከሉት። ከታች የቀረው ግንድ ጫፉ ስለተወሰደ በቅጠሎቹ ብብት ውስጥ ተኝተው የነበሩት ጎንቆሎች ይነቃሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ግንድ ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል። ጫፉ እያለ ወደ ታች በሚልከው ኦክሲን በተባለ ሆርሞን የጎን ጎንቆሎቹን ያፍናቸዋል፤ መቁረጡ ያንን ያነሣል። በዚህ መንገድ ስምንቱ ግንድ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይሆናል። የታችኛው ግንድ ደጋግሞ ተቆርጦ ሲደክምና እንጨት ሲመስል ነቅለው ይጣሉት፤ ቦታውን ለአዲሶቹ ጫፎች ይልቀቅ። በውሃው ላይ ተንሳፋፊ የቀረ አንድ ቅጠል እንኳ ሥር ሲያበቅል ቢያዩ አይግረምዎት።

ይህ ጥንካሬው ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ያመጣኛል። ትርፉን ወንዝ ዳር አይትከሉ፤ ወደ ቦይም አይጣሉ። ይህ ተክል እ.ኤ.አ. በ1945 በንግድ ወደ አሜሪካ ገብቶ፣ ከገንዳ ወጥቶ በፍሎሪዳ ቦዮችና ወንዞች ውስጥ በመስፋፋቱ ዛሬ በፌዴራል ደረጃ ጎጂ አረም ተብሎ ተመዝግቧል፤ ትንሿ ቁራጭ ሁሉ አዲስ ተክል ስለምትሆን በማሽን መቁረጡ ራሱ ያራባዋል። እኛም እንዲህ ያለ ነገር ምን እንደሚያደርግ ከእንቦጭ አይተናል፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ ተክል እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ወንዝ ከታየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ታየ፤ ገበሬዎች በእጃቸው እየነቀሉ የደከሙበትን ሁሉም ያውቃል። ሃይግሮፊላ ከእንቦጭ ጋር አንድ ባይሆንም ሙቀቱ የተስማማው ወንዝ ካገኘ ማን እንደሚያቆመው አላውቅም ከማለት ይልቅ አለመጀመሩ ይቀላል። ትርፉን ገንዳ ላለው ሰው ይስጡ፤ የማይሰጠውን ደግሞ በፀሐይ ላይ ዘርግተው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁና ከአበባ አፈርዎ ጋር ይደባልቁት። ገንዳውን ሲያጸዱ የሚወጣውንም ውሃ በወንፊት አሳልፈው፣ ቁርጥራጩን ከለዩ በኋላ ወደ ቦይ ሳይሆን ወደ አትክልት ቦታው ያፍስሱት፤ ናይትሬት ስላለበት ለጎመኑም ለጽጌረዳውም ይስማማል።